ዋቱን ተወውና አፉን አሳየኝ

ካምፓላ በዓመት ሁለት ክረምት አላት፤ አንዱ ከማርች እስከ ሜይ፣ ሌላው ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር። በመሀልም ቢሆን ከቪክቶሪያ ሐይቅ የተነሳ ደመና ድንገት መጥቶ ያወርደዋል። ጣሪያው የተቀበለውን ለአሸንዳው ያስረክባል። አሸንዳውን የማንጎ ቅጠል፣ የጃካራንዳ አበባና የአባ ኮዳ ኩስ ጠቅጥቆት ከከረመ ግን ውሃው መንገድ ቀይሮ በኮርኒሱ ይገባል። ያኔ ባለቤቱ ጣሪያ ሠሪውን ይረግማል። ጣሪያ ሠሪው ምን አደረገ? አሸንዳህን መቼ አስጠረግክና!

በዚህች ከተማ አሸንዳ መጥረግን እንጀራዬ ብሎ የተነሳ ሰው፣ ከመሬት ቆሞ በረጅም ቧንቧ እርጥቡንም ደረቁንም የሚስብ ቫኪዩም ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የሚሰማው ወሬ ጆሮ ያደነቁራል። ሻጩ አንድ ይላል፣ ባለቤቱ አንድ ይላል፣ መንገድ ላይ የቆመውም የራሱን ይጨምርበታል። እኔ ደግሞ ዝም ብዬ አላልፍም። በየተራ ኑ።

«ሴቦ፣ ጌታው፣ ሦስት ሺህ ስድስት መቶ ዋት ነው! ዝሆን ይስባል!»

ዝሆኑ ሙርቺሰን ፎልስ ፓርክ በሰላም ይኑርበት፤ እኛን ያስቸገረን ቅጠል ነው። ዋት ማለት ማሽኑ ከቆጣሪያችን የሚበላው ነው፤ ከአሸንዳችን የሚያነሳውን አይነግረኝም። የሚያነሳውን ልትነግረኝ ከፈለግክ ሁለት ቁጥር አምጣ፦ በሰከንድ ስንት ሊትር አየር ያሳልፋል? የመሳብ ጉልበቱስ ስንት ኪሎፓስካል ነው? ጉልበቱ የተጣበቀውን ጭቃ ያላቅቃል፤ አየሩ የተላቀቀውን ተሸክሞ ያመጣል። እነዚህን ሁለቱን ደብቆ ዋቱን በትልቁ የጻፈ ፋብሪካ እኔን አያገኘኝም።

ደግሞ ሒሳቡን እንሥራው። እዚህ የምንሰካው 240 ቮልት ላይ ነው። 3600 ለ240 ሲካፈል 15 አምፔር ይመጣል። ባለ ሦስት እግሯ የእንግሊዝ ስፒና ግን የተሠራችው ለ13 ነው። ፊውዟ ወዲያው ባትቆርጥ እንኳ ስፒናዋ ትግላለች፣ ትጠቁራለች፣ የደንበኛውን ሶኬት ይዛ ትቀልጣለች። ሦስት ሺህ ዋት 12.5 አምፔር ነው፤ እሱ ያልፋል። ኤክስቴንሽኑም ባለ 2.5 ሚሊሜትር ካሬ ሽቦ ይሁን፤ ከመጠቅለያው ሙሉ በሙሉ ተተርትሮ ይሥራ፤ ተጠቅልሎ ከሠራ ይነዳል።

«ኡሜሜ እኮ ሄዷል፤ አሁን ሌላ ነው!»

እውነት ነው፤ የኡሜሜ የ20 ዓመት ውል በፈረንጆቹ 2025 ማርች መጨረሻ ላይ አልቆ የኤሌክትሪክ ስርጭቱን የመንግሥቱ ዩኢዲሲኤል ተረክቧል። የተቀየረው ፊርማው ነው፤ ግድግዳህ ውስጥ ያለው ሽቦ ያው ነው።

«ጄኔሬተር አለኝ፣ ሁለት ኪሎ ቮልት አምፔር።»

እሱ ለመብራትና ለቴሌቪዥን ይሁንህ። ሞተር ሲነሳ ከተጻፈበት በላይ ይጠይቃል። ለሦስት ሺህ ዋት ቫኪዩም አምስት ኪሎ ቮልት አምፔር ያዝ፤ ሁለት ሦስት ሞተር ካለውም በየራሳቸው ማብሪያ የሚነሱ ይሁኑ፤ አንዱን አስነስተህ፣ ድምፁ ሲረጋ ሌላውን።

«የመሳብ አቅሙ 2 ሜትር ከ20 ውሃ ነው ይላል። የደንበኛዬ ቤት ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታዲያ ምን ያደርግልኛል?»

ይሄ ጥያቄ ክብር ይገባዋል፤ ቁጭ ብለን እንየው። 22 ኪሎፓስካል የሚስብ ማሽን ድፍን ውሃን ከሁለት ሜትር ከሩብ በላይ አያወጣም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ በክርክር አይሻሻልም። ግን ቧንቧው ውስጥ የሚሄደው ድፍን ውሃ አይደለም። በፍጥነት የሚሮጥ አየር ነው፤ ጠብታውን፣ ጭቃውን፣ ቅጠሉን አንጠልጥሎ ስድስት ሜትር ዘጠኝ ሜትር ሽቅብም ቁልቁልም የሚያጓጉዘው እሱ ነው። የለስላሳ ጠርሙስ ሊያልቅ ሲል በስትሮው አየርና ፈሳሽ ተደባልቆ እየተንኮረኮረ እንደሚመጣው ማለት ነው። ለዚህ ነው ለአሸንዳ የአየሩ ቁጥር ይቀድማል የምለው።

ስለዚህ አፉን ውሃው ውስጥ አትድፈነው። ሲደፈን ድምፁ ይነግርሃል፤ ሲያጓራ የነበረው ሞተር ድምፁ ይቀጥናል፣ ጎማው ይኮማተራል፣ ቧንቧው እጅህ ላይ ይከብዳል። ያኔ አፉን በአንድ ጎኑ ትንሽ ቀና ታደርገዋለህ። አየር ይገባል፤ የቆመው ውሃ ጉርጉር ብሎ በአንድ ጊዜ ያልፍና በርሜሉን ከውስጥ ሲመታው ትሰማለህ። ይሄን በጆሮው ያወቀ ሠራተኛ፣ ከሦስት ሞተር ጋር ከሚታገል ጀማሪ በመካከለኛ ማሽን ይቀድማል።

«ታዲያ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ይበቃኛላ!»

አይበቃህም። የካርቶኑ ቁጥር የዝቅተኛ ቦታ ቁጥር ነው። ካምፓላ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ነች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በ13 በመቶ ገደማ ያንሳል፤ የማሽኑም ጉልበት በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል።

«አዲስ አበባስ ብወስደው?»

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ሩብ ያህሉን መንገድ ላይ ጥለኸው ትሄዳለህ። ስፒናውም አይገጥምልህም። ለአዲስ አበባ ከሆነ ከወዲሁ አንድ ደረጃ ከፍ አድርገህ ግዛ።

«ይሄኛው መቶ ሊትር ይይዛል! ቶሎ ቶሎ መድፋት የለም!»

መቶ ሊትር ውሃ መቶ ኪሎ ነው፤ የበርሜሉ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ማን ነው የሚያነሳው? ሙዬንጋን አይተሃታል? ታንክ ሂል የምትባለው የውሃው ታንክ አናቷ ላይ ስላለ ነው፤ ግቢዎቿ ሁሉ ቁልቁለት ናቸው። ስልሳ ሊትር ገደማ ይሁን፤ ከታች በኩል ማፍሰሻ ጎማ ይኑረው፤ ትልልቅ መንኮራኩሮችም ይኑሩት። ማፍሰሻ የሌለው ትልቅ በርሜል ወገብ ነው የሚበላው። ሲሞላ የአየሩን መንገድ የምትዘጋው ተንሳፋፊዋን ደግሞ ክዳኑን ከፍተህ በጣትህ ወደ ላይ ግፋት፤ ካልተንቀሳቀሰች ውሃው ሞተሩን ያገኘዋል።

ማጣሪያውን ጠይቅ። ለእርጥብ ሥራ የወረቀቱ ይወጣና የስፖንጁ ይገባል፤ ወረቀቱን ውስጡ ረስቶ ጭቃ የሳበ ሰው ከሰዓት በኋላ ሊጥ ነው የሚያወጣው። በበጋ ግን ደረቅ ኩስ አለ፤ አባ ኮዳ ዛፍ ላይ ጎጆ ያላት ግቢ ሁሉ ያውቀዋል። እሱን በደረቁ አትሳበው፤ አቧራው ለሳንባ ጠላት ነው። መጀመሪያ ውሃ አርከፍክፍበት፣ አፍንጫህን ሸፍን፣ ከዚያ ሳብ።

«ጎማው ቀጭን ነው፣ ግን ቀጭን ጎማ በደንብ ይስባል።»

ለምንጣፍ! የማንጎ ቅጠል ርዝመቱን አይተሃል? ተጣጥፎ 38 ሚሊሜትር ጎማ ውስጥ ገብቶ ይጋደማል፤ በላዩ ጭቃ ይቆለላል፤ አንተም ጎማ ፈትተህ በእንጨት ስትቆረቁር ቀኑ ይመሻል። 50 ሚሊሜትር ያዝ። ያዝኩ ብለህም እፎይ አትበል። ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ ጎማው 50 ይሆንና አሸንዳው ላይ የሚጠመዘዘው የላይኛው ክርን በውስጡ 40 ይሆናል። ክርኑን ፈትተህ ወደ ሰማይ አንሳና በቀዳዳው ብርሃኑን እየው። ውስጡ ላይ እርከን አለው? የብየዳ ፍርፋሪ ወደ ውስጥ ወጥቷል? ጣትህን አስገብተህ ዙሪያውን አዙረው፤ ጥፍርህን የያዘው ቦታ ነገ ቅጠሉን ይይዘዋል። ካትዌ ያሉ ቀጥቃጮች እርከኑን ሞርደው ሊያስተካክሉልህ ይችላሉ፤ ማስተካከያው ሒሳብ ግን ከማሽኑ ዋጋ ላይ ይቀነስ።

«ቧንቧው ካርቦን ፋይበር ነው፤ አይከብድም።»

አይከብድም፤ እውነት ነው። ኤሌክትሪክም ያሳልፋል፤ ይሄም እውነት ነው። አሉሚኒየሙም ያው ነው። ካንሳንጋና ካባላጋላ መሀል ቀና ብለህ እይ፤ ሽቦው ከጣሪያው ጠርዝ ስንት ክንድ ይርቃል? ስምንት ሜትር ቧንቧ አንስተህ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ስትሄድ ጫፉ የት እንደሚደርስ አስበህ ታውቃለህ? ሽቦ ባለበት ግቢ ቢያንስ በእጅ የሚያዘው የታችኛው ክፍል ፋይበርግላስ ይሁን፤ ያውም ደረቅና ንጹሕ ሆኖ። እርጥብ ፋይበርግላስ አያድንም። ሽቦው ከተጠጋ ደግሞ የምርጥ ቧንቧ ጉዳይ አይደለም፤ መብራቱ ካልተቆረጠ ሥራው አይጀመርም፣ በቃ። ጭቃ ላይ ቆመህ ነው የምትሠራውና 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያም ሶኬቱ ላይ ይግባ።

«ያገለገለ አለኝ፣ ከእንግሊዝ የመጣ፣ ኦሪጅናል!»

ስፒናው ቢጫ ነው? ክብ ነው? እንግዲያው የእንግሊዝ ግንባታ ቦታ ዕቃ ነው፤ የሚሠራው በ110 ቮልት ነው። ስፒናውን ቆርጠህ 240 ላይ ስትሰካው ሞተሩ በጭስ ይሰናበትሃል። ትራንስፎርመሩን አብረህ አምጣ ወይም ዋጋውን አውርድ። ቢጫ ካልሆነ ደግሞ የሞተሩ ካርቦን ስንት ቀርቶታል? እዚህ ከተማ መለዋወጫው ይገኛል? የማይገኝ ከሆነ ኦሪጅናልነቱ ለማን ነው?

«ጣሪያችን የካጃንሲ ሸክላ ነው፤ አሸንዳችን አይቆሽሽም።»

እትዬ፣ ዩጋንዳ ክሌይስ ካጃንሲ ላይ ከፈረንጆቹ 1950 ጀምሮ ሸክላ እየሠራ ነው፤ ሸክላው ይመስገን። ሸክላ ላይ ግን የድንጋይ ሽበት ይበቅላል፣ አሸዋ ይረግፋል፤ ኮሎሎ ያሉትን አሮጌ ቤቶች ይዩ። አሸዋው እርጥብ ሲሆን ከቅጠሉ ይከብዳል፤ እርስዎ ቤት የምንመጣው በደካማው ማሽን አይደለም። አስቤስቶስ ጣሪያ ከሆነ ግን አንመጣም፤ ያ በዚህ ማሽን የሚነካ ነገር አይደለም።

«አሸንዳ ውስጥ ውሃ ቢቆም ትንኝ ናት የምትፈላው፣ ምን አለበት?»

ዚካ የሚባለው ቫይረስ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ከእንቴቤ መንገድ ዳር ካለው የዚካ ጫካ ነው፤ በፈረንጆቹ 1947 ከአንዲት ጦጣ ደም ነው የተለየው፤ በቀጣዩ ዓመት ከትንኝ ተገኘ። የሚያስተላልፉት የኤዴስ ትንኞች ደግሞ ጎማ፣ ጣሳና የተደፈነ አሸንዳ ውስጥ የቆመ ውሃ ይወዳሉ። ከልጆችህ መኝታ መስኮት በላይ የቆመውን ውሃ ነው «ምን አለበት» የምትለው?

«ጋሼ፣ ለምን ይሄ ሁሉ ጣጣ? አንድ ልጅ መሰላል ላይ ወጥቶ በእጁ ይጨርሰዋል። ርካሽ ነው።»

ርካሹ ማን ነው? ልጁ? ስሙን ጠይቀኸዋል? እናቱ ከየት አገር በምን እንደላከችው ታውቃለህ? መሰላሉን ያቆምከው ዝናብ ያራሰው ቀይ አፈር ላይ ነው፤ የመሰላሉ እግር ሲሰምጥ አይጮህም። ልጁ በአንድ እጁ አሸንዳውን ይይዛል፣ በሌላው ጭቃ ይዝቃል፤ ለመሰላሉ የቀረው እጅ የትኛው ነው? ከወደቀ በቦዳ ቦዳ ሞተር ሙላጎ ሆስፒታል ታደርሰውና ለቆርቆሮህ ሌላ ልጅ ትፈልጋለህ። የማሽኑን ዋጋ ውድ ነው ስትል፣ ከዚህ ልጅ ወገብ ጋር አወዳድረህ ነው ውድ ያልከው? እኔ አወዳድሬዋለሁ። ማሽኑ ርካሽ ነው።

ማሽኑ ሁሉን ይችላል አልልም። አሸንዳ ውስጥ ሥር ሰድዶ የበቀለ ችግኝ በመሳብ አይነቀልም፤ ቁልቁል የሚወርደው ቱቦ ከታች ከተደፈነ ከታች ነው የሚከፈተው። ቧንቧው ጫፍ ላይ ትንሽ ካሜራ አስረህ ከመጀመርህ በፊትና ከጨረስክ በኋላ ለደንበኛው አሳየው፤ እሱም በቃልህ አይከፍልም፣ አይቶ ነው። መሰላል የግድ ካለም የሚይዝ ሁለተኛ ሰው፣ ደረቅ መሬት፣ ቀበቶ።

«ሴቦ፣ ልትገዛ ነው ወይስ ልታወራ?»

ልገዛ ነው። ባልዲ አምጣ። ውሃ፣ አፈር፣ ከመንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ደግሞ ሁለት እፍኝ ቅጠል ጨምርበት። ባልዲውን እዚያ ሰገነት ላይ አውጣው፤ ቧንቧውን ቀጥልልኝ፤ እኔ ከታች ቆሜ ልሳበው።

«ካርቶኑ ይቆሽሻል!»

ካርቶኑን ወደ ውስጥ አስገባው። ባልዲውን ሙላ።