ጠበቃ አያጠፋም

በይፋት ቆላ ሽንኩርት ይበሰብሳል፣ ማሾ በዝናብ ይጠቁራል፣ የነጋዴ ቃል ይታጠፋል። ጠበቃ ግን አያጠፋም። ይህን የምለው እኔ ብቻ ብሆን ኖሮ "የጠበቃ ዘመድ ነው" ትሉኝ ነበር፤ ደግነቱ ከ1958 ዓ.ም. ጀምሮ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከጎኔ ቆሟል። አንቀጽ 323 በፍርድ ቅር የተሰኘ ሰው ይግባኙን በ60 ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል። ቀኑ ላለፈበት ደግሞ አንቀጽ 326 አለለት፤ በቂ ምክንያት ካስረዳ ሊፈቀድለት ይችላል። "ጠበቃዬ ቀኑን አሳለፈብኝ" ያለ እንደሆነ ግን የዚያው አንቀጽ ንዑስ ቁጥር 2 በሩን መልሶ ይዘጋበታል። የጠበቃ ወይም የወኪል ጉድለት በቂ ምክንያት አይባልም።

እንግዲህ የሕግ አውጪውን ብልሃት አድንቁልኝ። "ጠበቃ አያጠፋም" ብሎ በቀጥታ ቢጽፍ ሰው ሁሉ ይስቅበት ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን እንዳለ ትቶ ባለቤቱን ብቻ ቀየረው። የረሳው ጠበቃው ነው፤ እንደረሳ የሚቆጠረው ደንበኛው ነው። (ድንጋጌው ምክንያት የለውም አይባልም፤ የዘገየ ሁሉ በጠበቃው እያሳበበ ቢመጣ የረታ ወገን መቼም እፎይ አይልም ነበር። ጠበቃው ላደረሰው ጉዳት ሕጉ ሌላ መንገድ አበጅቷል። መንገዱ ግን እስካሁን ሣር በቅሎበታል።)

ነገሩ እንዲጨበጥልን አንድ ሰው እናቁም። ቀወት ውስጥ በመስኖ ሽንኩርት የሚያመርት፣ ሽንኩርቱን ነጋዴ በዱቤ ወስዶ የካደበት፣ ወረዳ ፍርድ ቤት የረታው ደግሞ ነጋዴው የሆነበት ሰው። ይግባኙ የሚቀርበው ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ሰውየው ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ወጥቶ ደብረ ሲና ላይ ይወርዳል፤ ጋቢውን ይደርባል፤ ከጣርማ በር የሚወርደው ጉም መሐል ገብቶ የጠበቃውን ቢሮ ይፈልጋል።

ጠበቃውን የመረጠበት መንገድ ራሱ ይመሰገናል። ስለ ፈቃዱ አልጠየቀም፤ ከዚህ በፊት ምን ዓይነት ጉዳይ ይዞ እንደተከራከረም አልጠየቀም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሸራ ወጥረው ማመልከቻ ከሚጽፉት አንዱ በጆሮው "እሱን ያዝ፤ ዳኛውን ያውቀዋል" አለው። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ቢሮው አንድ ክፍል ነው። የግድግዳ ካላንደር አለ፤ በመስተዋት የገባ ፈቃድ አለ፤ የሰበር ችሎት ውሳኔዎች ቅጾች ከነላስቲካቸው መደርደሪያው ላይ ተሰልፈዋል። ወዲያው ውክልናው ይመጣል። "እንዲከሱልኝ፣ እንዲከሰሱልኝ፣ መልስ እንዲሰጡልኝ፣ እንዲታረቁልኝ፣ ገንዘብ ተቀብለው እንዲያወጡልኝ፣ እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ ሦስተኛ ወገን እንዲወክሉልኝ..." የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 2205 ዕርቅ ለመዋዋልና የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል ያለው፣ ሰው እንዲህ ያለውን ሥልጣን አስቦበት፣ ለይቶ እንዲሰጥ ነበር። እኛ ዘንድ ልዩውም ተራውም በአንድ ገጽ ተጠቃሎ በኮምፒውተር ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ስም የሚሞላበት ነጠብጣብ ብቻ ይቀረዋል። የሽንኩርት ዕዳ ለማስመለስ የመጣ ሰው በሬውንም ቤቱንም የመሸጥ ሥልጣን ሰጥቶ አውራ ጣቱን ያሳርፋል። ከዚያ ቀብድ ይከፍላል። ደረሰኝ? ምን ነካችሁ፣ የተማረ ሰው አምኖ ደረሰኝ የሚጠይቅ ባለጌ ማን አለ? ነጋዴው የሽንኩርቱን ዕዳ የፈረመበት ዋናው ወረቀትም በዚያው ከጠበቃው ጋር ይቀራል። ኮፒ አልተነሣም፤ መብራት ጠፍቶ ነበር።

ቀጥሎ የስልኩ ዘመን ይመጣል።

"አቤት አባባ፣ ችሎት ላይ ነኝ፤ ቆየት ብለው ይደውሉ።"

"እሺ የኔ ጌታ፣ ይቅርታ አስቸገርኩህ።"

ይቅርታ የሚጠይቀው የከፈለው ሰው መሆኑን ልብ በሉ። ችሎቱ ውስጥ የከረምቡላ ኳስ ሲጋጭ ይሰማል፤ አባባም ሰምተዋል፤ ግን ደብረ ብርሃን ትልቅ ከተማ ነው፣ ትልቅ ፍርድ ቤት ምን ምን እንዳለው ማን ያውቃል። በሌላ ጊዜ ዳኛው ተቀይረዋል። በሌላ ጊዜ መዝገቡ ከመዝገብ ቤት አልወጣም። በሌላ ጊዜ መንገድ ተዘግቷል፤ ይህኛው እንኳ ብዙ ጊዜ እውነት ነው፤ በሰላሙ ዘመን 60 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረችው የደብረ ሲናና የደብረ ብርሃን መንገድ ዛሬ ስንት እንደምትረዝም የሚያውቀው የሄደባት ብቻ ነው። በኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትን ይዞ እስከ ደብረ ሲና መድረሱም እውነት ነው። ስለዚህ ጠበቃችን አንድ ቀን በሐዘን ድምፅ "አባባ፣ ያ ወረቀት እኮ በወረራው ጊዜ ጠፋ" ቢል ማን ይጠረጥረዋል? ነጋዴው ወረቀቱን የፈረመው በ2016 መሆኑ ትንሽ ቅር ይል ይሆናል። ቢሆንም የታሪክ ሰዎች ያስታርቁታል።

በዚህ መሐል 60ኛው ቀን ያልፋል። ማንም አልጮኸም፤ ቀን ድምፅ የለውም።

እዚህ ላይ አንድ አደገኛ ነገር ስለማነሣ ጽሑፉን ደንበኞች ባያነቡት ይሻላል። ጠበቆች ግን አንብባችሁ ደብቁት። ያ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የ1952ቱ፣ ስለ ውክልና ሲያወራ ጤነኛ አይመስልም። በቁጥር 2208 እና 2209 ተወካይ ለወካዩ ፍጹም ቅን ይሁን፣ የሚሠራውም ለወካዩ ጥቅም ብቻ ይሁን ይላል። የተቀበለውን ገንዘብ እንዲያስረክብና ሒሳብ እንዲያቀርብም ያዛል። ይባስ ብሎ በ2226 ወካይ ውክልናውን በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፣ የሰጠውን የውክልና ጽሑፍም ለማስመለስ ይችላል፤ "አልሽርም" ብሎ ቢዋዋል እንኳ ውሉ ዋጋ የለውም ይላል። ይህ ማለት አባባ ውክልናው ወደ ተመዘገበበት ቢሮ ሄደው፣ ሽረው፣ ለፍርድ ቤቱም ለጠበቃውም አሳውቀው፣ ወረቀታቸውን ይዘው መሄድ ይችላሉ ማለት ነው። ሀገር ይፈርሳል! አባባ የሚያውቁት ግን ሌላ ነው፤ "ቀሪውን ሳትከፍል ፋይልህን አታገኝም" ተብለዋልና ፋይላቸው እንደ ተያዘ ከብት እዚያው ታስሮ ይኖራል።

የከፋው ቁጥር 2031 ነው። የሙያ ሰው የሙያውን ደንብ ይጠብቅ፤ ባለመጠንቀቅ ወይም ግዴታውን አለማወቁን በሚያሳይ ቸልተኝነት ካጠፋ ኃላፊ ነው ይላል። ሐኪም ብቻ አላለም፤ ግንበኛ ብቻ አላለም። "የሙያ ሰው" ነው ያለው፤ ሲነበብ ጠበቃን ሊጨምር ይችላል የሚል ሥጋት አለኝ። እንደ እውነቱ ከሆነ ሣር የበቀለበት መንገድ ይኸው ነው፦ ቀኑን ያሳለፈ ጠበቃ፣ ይግባኙ ሊያስገኝ ይችል የነበረውን ጥቅም ካሣ አድርጎ ይከፍላል ተብሎ ሊከሰስ ይችላል። ደንበኛው በውላቸው ላይ ተመሥርቶ ሊከስ ይችላል፤ ክሱ ከውል ውጭ ኃላፊነት ላይ የተመሠረተ እንደሆነ ግን ቁጥር 2143 የሰጠው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። አባባ ስልክ በመደወል የሚያሳልፉት ጊዜ ሁለት ዓመት ለመሙላት በቂ ስለሆነ፣ ጠበቃው "ይግባኙ ተቀጥሯል" እያለ ቢያቆያቸው ይህኛው መንገድ በሰላም ይዘጋል።

በውጭም እንዲህ ያለ ጥበብ ነበር። የእንግሊዝ ተሟጋች ጠበቆች ችሎት ላይ ለሠሩት ሥራ በቸልተኝነት እንዳይከሰሱ ከለላ ነበራቸው፤ በ1992 በእኛ አቆጣጠር ግን የገዛ ራሳቸው ከፍተኛ ዳኞች ከለላውን አነሡት። ያሳዝናል። እኛ ከለላ በሕግ አልጻፍንም፤ ስለዚህ የሚያነሣውም የለም። በዚያው በ1992 ለፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ወጣልን፤ የጥቅም ግጭትን ከለከለ፣ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት አቅም ለሌለው በነጻ ወይም በጥቂት ክፍያ ያገልግል አለ። በ2013 ደግሞ አዋጅ 1249 ተጨመረና የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርን አቋቋመ። ደብረ ሲና ላይ የሚሠራው ጠበቃ ግን ፈቃዱ ከክልሉ ነው። ደንበኛው "ልክሰስ" ካለ ፈቃድ ሰጪው ባሕር ዳር ነው። ከደብረ ሲና ወደ ባሕር ዳር ወይ በአዲስ አበባ ተዞሮ፣ ወይ በደሴ ተዞሮ ነው። የሽንኩርት ገበሬ ትራንስፖርት፣ አልጋና ምሳ ችሎ፣ ማሳውን ለወፍ ትቶ ሄዶ አንድ ገጽ አቤቱታ ያስገባል ብሎ ማሰብ ስድብ ነው።

ቀጠሮ የሚያከብሩ፣ ደረሰኝ የሚሰጡ፣ "ይህ ጉዳይ አያዋጣዎትም፣ ገንዘብዎን ይዘው ይሂዱ" የሚሉ ጠበቆች መኖራቸውን ሰምቻለሁ። እነሱን አልነካም። ለሙያው ስም መጥፋት ተጠያቂ ናቸው፤ ደንበኛ ከሌላው ጠበቃም ያንኑ እንዲጠብቅ ያደረጉት እነሱ ናቸው።

አባባ ግን ለምን ዝም ይላሉ? አለማወቅ ነው፣ ማክበር ነው፣ ርቀት ነው ይባላል፤ ሁሉም አለበት። ከሁሉም የሚጠብቀው ቁልፍ ግን ሌላ ነው። "ዳኛውን ያውቀዋል" ተብሎ የተመረጠ ጠበቃ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ለውስጥ ሰዎች ትንሽ ነገር" ይላል። አባባ ሰጥተዋል። ገንዘቡ ወደ ውስጥ ይግባ፣ ወደ ኪስ ይግባ፣ ወደ ከረምቡላው ቤት ይግባ ማንም አያውቅም፤ ዳኛውም ስማቸው ለዚህ መዋሉን አልሰሙም። አባባ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ከሳሽ መሆን አይችሉም። ምን ብለው ይክሰሱ? "ጉቦ ስጥልኝ ብዬ የሰጠሁትን ገንዘብ በላብኝ" ይበሉ? ስንት የሕግ መምህር ያላሰበውን የኃላፊነት መድን ይህ ጠበቃ በአንድ ሹክሹክታ ገዛ፤ ዓረቦኑን ደግሞ የከፈለለት ደንበኛው ራሱ ነው።

ያም ሆኖ አባባ አንድ ጊዜ አምርረዋል። የአክስታቸው ልጅ፣ ደብረ ብርሃን የምትማረው፣ መዝገብ ቤት ጠይቃ ይግባኙ ከነጭራሹ እንዳልገባ ነገረቻቸው። ከሰማይ ወርደው መሬት የነኩት ያን ቀን ነው። ዱላቸውን ይዘው ደብረ ሲና ወጡ። ቢሮው በር ላይ ግን ጠበቃው አልነበረም፤ ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንድ ቄስና አንድ ሼህ ጨምሮ፣ ተቀምጠው ጠበቋቸው። ጠበቃው ቀድሞ ልኮባቸዋል። በዚህች ብቻ ቀጠሮ አላሳለፈም።

"ልጅህ ነው፤ ተሳስቶ ነው፤ የተማረ ልጅ ነው፤ እንጀራውን አትዝጋበት" አሉ ሽማግሌዎቹ። ነገሩ ረዘመ። ቡና ተጠጣ። ጠበቃው ድንጋይ ተሸክሞ ገባ፤ አባባ "አንሡለት፣ ልጁን አታዋርዱት" ብለው ራሳቸው ተነሡ። ተሳሳሙ።

አባባ ሊወጡ ሲሉ ትልቁ ሽማግሌ ጠሯቸው።

"አንድ ነገር ቀርታለች።"

"ምን?"

"የቀረችው የጥብቅና ክፍያ። የሰው ላብ እኮ ነው፤ ዛሬውኑ ስጠውና ወረቀትህን ውሰድ።"

"ወረቀቱ በወረራው ጠፋ አላለኝም እንዴ?"

ሽማግሌው ወደ ጠበቃው ዞሩ። ጠበቃው መሳቢያውን ከፈተ።