«እርስዎ እዚህ ነዎት» አሉኝ

ካርታ የሚሠራ ሰው እግር የለውም ብዬ ከደመደምኩ ቆየሁ። ዓይን አለው፣ ኮምፒውተር አለው፣ ስንት ዓይነት አረንጓዴ ቀለም አለው፤ እግር ግን የለውም። እግር ቢኖረው፣ በተለይ የኔን ዓይነት ሪህ የያዘው ጉልበት ቢኖረው፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ካርታ ላይ ዳገቱን ረስቶ የአበባ መደቡን ባልሣለ ነበር።

ይህን የምለው ዝም ብዬ አይደለም። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ አስተምሬአለሁ። የኮንቱር መስመሮች ሲጠጋጉ ገደል፣ ሲራራቁ ሜዳ መሆኑን በጠመኔ እየጻፍኩ ስንቱን ልጅ አስጨንቄአለሁ። ከነዚያ ልጆች አንዱ ሳይሆን አይቀርም ዛሬ ካርታ እየሣለ የሚበቀለኝ።

ነገሩን ያመጣው የልጅ ልጄ ዩኒቨርሲቲ መመደብ ነው። የቱ ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም፤ ልጅቷ ገና አልተመረቀችም። የጥሪ ማስታወቂያው ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስ፣ የስፖርት ትጥቅና ጉርድ ፎቶግራፍ ይዛችሁ ኑ ይላል። ኮምፓስ ይዛችሁ ኑ አይልም። ማለት ነበረበት።

ከዋናው በር እንደገባን አንድ ትልቅ ሰሌዳ ቆሟል፤ የግቢው ካርታ። በጣም ደስ አለኝ፤ ለካ አገራችን ሠልጥናለች አልኩ። ጠጋ ብዬ ሳየው በአማርኛም በእንግሊዝኛም «እርስዎ እዚህ ነዎት» ይላል። «እዚህ» የሚለውን የሚያሳየው ቀይ ነጥብ ግን የለም። የመጣው ሁሉ «ይኸው፣ እዚህ ነን» እያለ በጣቱ ሲነካው ሲነካው ቀለሙ ተፍቆ ቆርቆሮው አግጥጧል። ከዚያ ሁሉ ሄክታር መሬት ተለይቶ ከካርታው ላይ የጠፋው እኛ የቆምንበት ቦታ ብቻ ነው።

«አባዬ፣ የተፋቀው እኮ ነው ያለንበት» አለች የልጅ ልጄ።

ልክ ነች። ግን መንግሥት በልጅ ብልሃት ተማምኖ ሰሌዳ ማቆም የለበትም።

ያለንበትንስ አወቅን እንበል። ካርታው ላይ ሰሜን ከላይ ነው። እኔ ደግሞ ሰሌዳውን ሳነብ ፊቴ ወደ ደቡብ ነው። ስለዚህ ካርታው ላይ በቀኜ ያለው ሬጅስትራር በምድር ላይ በግራዬ ነው፤ ከፊቴ ያለው ካፌ ከኋላዬ ነው። ይህ የሽማግሌ ንጭንጭ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማርቪን ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ከባልደረቦቹ ጋር ይህንኑ አጥንቶ፣ የሰሌዳ ካርታ አንባቢው ፊቱን ካዞረበት አቅጣጫ ጋር ካልገጠመ ሰው በተቃራኒው እንደሚነጉድ አሳይቷል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ከፊቴ ያለውን ነገር ካርታው ላይ ከላይ ማድረግ። ሰሜን ከላይ ሲሆን መጽሐፍ ላይ ያምራል፤ መጽሐፍን እንደ ልብ ያዞሩታል። ሰሌዳ ግን በሲሚንቶ ተተክሏል፤ የሚዞረው ሽማግሌው ነው።

እኔም ዞርኩ። ሻንጣ የያዘ ሕዝብ መካከል ጀርባዬን ለካርታው ሰጥቼ አንገቴን ወደ ኋላ ጠምዝዤ ሳነብ አንድ ወላጅ «አባታችንን አመማቸው መሰለኝ፣ ውኃ ስጧቸው» አለ።

ከዚህ ሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ካርታው የሚያሳየው ግቢ ገና አልተሠራም! ስታዲየም አለ፣ መዋኛ ገንዳ አለ፣ ዳክዬ የሚንሳፈፍበት ኩሬ አለ። ዳክዬዎቹ ተሥለዋል እኮ፤ ሁለት ናቸው። ለካ የተለጠፈው ማስተር ፕላኑ ነው። መሠረት ድንጋይ ሲጣል ለመጡ እንግዶች የተዘጋጀ ይሆናል፤ እንግዶቹ አጨብጭበው ሄዱ፣ ሰሌዳው ቀረ። በተቃራኒው ዛሬ ቆሞ የምናየው መኝታ ሕንፃ፣ ልጅቷ የምታድርበት፣ ካርታው ላይ «አረንጓዴ ሥፍራ» ነው። የወደፊቱን እያየ የዛሬውን የማያይ ካርታ ለነቢይ እንጂ ለተማሪ አይሆንም።

ካርታው «ስታዲየሙን አልፎ ወደ ቀኝ» እንደሚለው ሄድን። ስታዲየም የተባለው ላይ ሁለት በሬዎች ይግጣሉ። እረኛውን ጠየቅሁት፤ በሽመሉ ጠቆመን፤ ካርታው ላይ ከነበረው ሁሉ የሱ ሽመል ትክክል ነበረች።

ከዚያ ሕንፃዎቹ። ሁሉም መንትያ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲገነቡ አንድ ዓይነት የሕንፃ ንድፍ ከከተማ ከተማ ይደጋገም እንደነበር አውቃለሁ። ወጪና ጊዜ ይቆጥባል፤ ለደሃ አገር ደግ ነው። ንድፍ መድገም ነውር የለውም፤ ነውሩ ስም መንፈግ ነው። እዚህ ሁሉ ነገር ብሎክ ነው። ብሎክ 12ን አልፌ ብሎክ 13ን ስጠብቅ ብሎክ 47 መጣ። ከዚያ ብሎክ 5። ቁጥሮቹ እንደ ተበተነ ሽምብራ የወደቁበት ወድቀዋል። ጥበቃውን ምን ጉድ ነው ብለው «አባባ፣ ቁጥሩ የወጣው በተሠሩበት ተራ ነው እኮ» አለኝ፤ ግልጽ ነገር የጠየቅሁት ይመስል። ስለዚህ የልጅ ልጄን መኝታ ለማግኘት የግቢውን የግንባታ ታሪክ ከነኮንትራክተሮቹ ማጥናት ነበረብኝ ማለት ነው።

እኛ ስድስት ኪሎ ስንማር ማን ካርታ አይቶ ያውቃል? ግቢው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር፤ ንጉሠ ነገሥቱ በ1954 ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ጣሊያን የትም የማያደርስ ጠምዛዛ ደረጃ ገትሮ ነበር፤ እሱ ሲባረር የይሁዳ አንበሳ አናቱ ላይ ወጣበት። «አንበሳው ጋ» ብለህ የቀጠርከው ሰው አይጠፋም፤ ካልመጣም ሳይፈልግ ቀርቶ ነው። «ኬኔዲ» ካልክ ቤተ መጻሕፍቱ ነው፣ «ራስ መኮንን» ካልክ አዳራሹ ነው። ኬቨን ሊንች የሚባለው አሜሪካዊ የከተማ ፕላን ምሁር እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ከተማን በአእምሮው የሚይዘው በመንገዱ፣ በጠርዙ፣ በሠፈሩ፣ በመገናኛውና ዓይን በሚስብ ምልክቱ ነው ይላል። እኛ ሊንችን ሳናነብ አንበሳ ነበረን። «ብሎክ 47 ጋ እንገናኝ» ብሎ ፍቅር የጀመረ ሰው ካለ ጀግና ነው።

በነገራችን ላይ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን ሙሉውን በአንድ ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ የሚል ካለ እግዜር ይርዳው። ስድስት ኪሎ ብሎ ጀምሮ ወደ አምስት ኪሎ ቴክኖሎጂ፣ ወደ አራት ኪሎ ሳይንስ ይወርዳል፤ ከዚያ ጥቁር አንበሳ ሕክምናው፣ ልደታ ሕንፃ ኮሌጁ፤ የእንስሳት ሕክምናውን ለማስገባት ደግሞ ሰሌዳውን እስከ ቢሾፍቱ መቀጠል አለበት። ያም ሆኖ ሰው አይጠፋም፤ የታክሲ ረዳት ስም እየጠራ ይጮሃላ!

ወደ ግቢያችን ልመለስ። ካርታው ሲከዳኝ ወደ ሰው አፍ ዞርኩ። አንዱ በአገጩ ያሳየኛል፤ አገጭ ዲግሪ የለውም፣ ግማሽ ክፍለ አገር ይጠቁማል። ሌላው «ቅርብ ነው» ይላል፤ የሃያ ዓመት ልጅ ቅርብ ከኔ ቅርብ ጋር ዝምድና የለውም። ሁሉም ግን ንግግራቸውን የሚጨርሱት «እዚያ ሲደርሱ ይጠይቁ» ብለው ነው። መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል ከተባለ ለእኔ ያን ዕለት ሦስተኛ ዲግሪ ይገባኝ ነበር። አንዱ ጆሮው ላይ ሽቦ የሰካ ልጅ ደግሞ «ፋዘር፣ ሎኬሽን ልላክልዎት?» አለኝ። ላከልኝ። ስልኬ እየመራ፣ እየመራ ወስዶ በሬዎቹ ጋ አቆመኝና «ደርሰዋል» አለኝ። እረኛው ሳቀብኝ።

ትክክለኛ ካርታ ሠሪ መጣል የሚያውቅ ነው። ሃሪ ቤክ የለንደንን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ሲሠራ የምህንድስና ንድፍ ሠራተኛ እንጂ ካርታ ሠሪ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1933 የታተመው ሥራው እውነተኛውን ርቀት ጣለ፣ ጠመዝማዛውን አቀና፤ ተሳፋሪው የሚፈልገው የት እንደሚወርድና የት እንደሚቀይር ነውና። የኛዎቹ ግን ዳክዬ እንኳን ለመጣል አይጨክኑም።

ስለዚህ ራሴ ሣልኩ። የልጅ ልጄ አልጋዋን እስክታነጥፍ ከመኝታው ሕንፃ ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ በጥሪው ወረቀት ጀርባ። ከላይ ያደረግሁት ሰሜንን ሳይሆን ከበሩ ሲገባ ፊት ለፊት የሚታየውን የውኃ ታንከር ነው። ዳገቱን በቀስት አመለከትኩ፤ ቀስቱ ሲወፍር ጉልበት ይፈጃል። ጥላ ያለው ዋርካ፣ ውኃ የሚወርድበት ቧንቧ፣ በሩ የሚዘጋ ሽንት ቤት፣ ሲዘንብ ጫማ የሚውጠው የዋልካ መሬት፣ የአጥሩ ሽቦ ተቆርጦ ተማሪው የሚሾልክበት አቋራጭ፣ ሁሉም ገቡ። ብሎክ 47ን «ቀዩ ልብስ ማስጫ» አልኩት፤ ብሎክ 5ን «ቁጡዋ ፕሮክተር ያለችበት»። ዳር ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ስሜንና «የጂኦግራፊ መምህር» የሚለውን ጻፍኩ። በሬዎቹንም አልረሳሁም።

ልጅቷ ለጓደኞቿ ስታባዛው ከበሩ ማዶ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት አንዱን አስቀርቶ ኖሯል። በሁለተኛው ሴሚስተር ልጠይቃት ስሄድ ባለ ሱቁ በራፉ ላይ ደርድሮ ለአዲስ ገቢ ሁሉ በ10 ብር ይቸበችበዋል። አንስቼ አየሁት። ስሜን በወረቀት ሸፍኖ በቦታው የራሱን ስልክ ቁጥር አስገብቷል፤ ኮፒው ወደ ጎን ስለተንሸራተተ ሽንት ቤቱ ተቆርጦ ወጥቷል። «ይህን የሣልኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

ከላይ እስከ ታች አየኝና «እሺ አባባ፣ ለእርስዎ በ8 ብር ይሁን» አለኝ።