የፍሎራይድ ካርታ አበላሽቶ ለመሥራት

የስምጥ ሸለቆን የጉድጓድ ውሃ አጥንተህ ባለቀለም ካርታ ልታስረክብ ነው? እንግዲያው ስማኝ፣ ወንድሜ።

ናሙና ስትቀዳ ከአስፋልት አትራቅ። ከሞጆ ተነስተህ በመቂ በኩል ሻሸመኔ እስክትገባ መኪናው በቆመበት ቅዳ። ሴቶቹ ውሃ በአህያ የሚጭኑበት ቀበሌ መንገዱ ያስቸግራል፤ እሱን ኮምፒውተሩ ራሱ ቀለም ይቀባልሃል። የአሥር ሜትሩን የእጅ ጉድጓድና የ200 ሜትሩን ጥልቅ ጉድጓድ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ደባልቃቸው። ከአሮጌው ካርታ በአዲንዳን፣ ማለትም በድሮው የካርታ መነሻ ሥርዓት፣ የተነበበውን ነጥብም ከራስህ ጂፒኤስ ጋር ቀላቅለው፤ ጉድጓዱ ከ200 ሜትር በላይ ቢሸሽ ማን ሄዶ ያያል?

ዋናው ጥበብ አማካይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። አንድ ቀበሌ አምስት ጉድጓድ አለው እንበል፦ 0.3፣ 0.3፣ 0.4፣ 0.4 እና 5። ደምረህ ስታካፍል 1.28 ይመጣል። «ከወሰኑ በታች» ብለህ ፈርም። አምስቷ ከከነከነችህ «የመለኪያ ስህተት» ብለህ ሰርዛት፤ ሁለተኛ እንዳታስለካት ብቻ።

አማካይ የሚጠጣ ሰው ግን የት አይተሃል? ሰው የሚጠጣው ከደጁ ካለው ጉድጓድ ነው! ፍሎራይድ ጥርሱን ያበለዘው ልጅ አፉን በእጁ ሸፍኖ ሲስቅ አላየህም? አጥንቱ ደርቆ ማጎንበስ ያቃተው ገበሬስ? የሰረዝካት ቁጥር እነሱ ነበሩ።

ወደ ምክሬ ልመለስ። ካርታውን በክሪጊንግ፣ ከተለካው ተነስቶ ያልተለካውን ቦታ በሚገምተው ስሌት፣ ሥራው፤ ስሙ ያስከብራል። ዘዴው በስሙ የተጠራለት ዳኒ ክሪግ እ.ኤ.አ. በ1951 በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ላይ የደከመው ጥቂት ናሙና ሰውን እንዳያሳስት ነበር፤ አንተ ቁልፉን ብቻ ተጫን። ጉድጓዶች እስከ ስንት ኪሎሜትር እንደሚመሳሰሉ የሚያሳየውን ቫሪዮግራም አትክፈተው፤ ሶፍትዌሩ የሰጠህን ተቀበል። መሬቱ የተሰነጠቀ መሆኑን እርሳው። እዚህ ሙቅ ውሃ በስንጥቁ ሽቅብ ይወጣል፣ እዚያ ውሃው ከእሳተ ገሞራ አመድ ፍሎራይድ አጥቦ ይወርዳል፣ ወዲያ ማዶ ካልሲየም የበዛበት ውሃ ፍሎራይዱን አዝቅጦ ያስቀረዋል። ጎረቤታሞቹ ጉድጓዶች በዚህ ምክንያት ባይመሳሰሉም ቀለሙን ከቢጫ ወደ አረንጓዴ በስሱ አዋህደው። ዘዴው ግምቱ የቱ ጋ እንደሚደክም የሚያሳይ ሌላ ካርታም ያወጣልሃል። እሱን ከሪፖርቱ አውጣው።

የወረዳው የውሃ ባለሙያ «የት ላስቆፍር?» ብሎ ሲመጣ ጣትህን አረንጓዴው ላይ አሳርፍለት። ለዚያ ቦታ የቅርቡ ናሙና የተቀዳው 15 ኪሎሜትር ርቆ፣ አስፋልቱ ዳር መሆኑን አትንገረው።