እጅዎን ከማንሳትዎ በፊት

ጄኔራል ሲመጣ ማንም አይሳሳትም። መኪናው ከሩቅ ይታወቃል፣ አጃቢው ቀድሞ ይወርዳል፣ የበሩ ዘብ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ እርስዎም ሳያስቡት ቀጥ ብለው ይገኛሉ። አዲስ መኮንንን በላብ የሚያጠምቀው ሌላ ሰው ነው፤ ከመዝገብ ቤት ወጥቶ በጠባቡ መተላለፊያ ብቻውን ወደ እርስዎ የሚመጣ መቶ አለቃ። የእርስዎ ትከሻ ላይ አንድ ኮከብ አለ፣ የሱ ላይ ሁለት። በመካከላችሁ ያለችው ልዩነት አንዲት ኮከብ ብቻ ናት፤ እሷም ጥላ ውስጥ አትታይም።

ስለዚህ፣ ትናንት ተመርቀው ዛሬ የደንብ ልብስዎን ሁለቴ አስተኩሰው የወጡ ምክትል መቶ አለቃ ሆይ፣ ይህን ምክር አጥፈው በኪስዎ ይያዙ። በግራው ኪስ ይሁን፤ ቀኝ እጅዎ ሥራ አለበት።

ደንቡማ አጭር ነው። የበታች ቀድሞ ሰላምታ ይሰጣል፣ የበላይ ይመልሳል። የአሜሪካ ጦር ይህ ስድስት እርምጃ ያህል ሲቀር እንዲሆን ያስተምራል። በስድስት እርምጃ ርቀት ኮከብ መቁጠር ከቻሉ ተመስገን ይበሉ። ካልቻሉ፣ በተጠራጠሩ ቁጥር ያንሱ። በስህተት ሰላምታ ስለተሰጠው የተቆጣ መኮንን እስካሁን አልተወለደም፤ ስለተነፈገው የተቆጣ ግን በየግቢው ሞልቷል። ሻምበል መስሎዎት እጅ ያነሱለት ሰው ቀርቦ ሲታይ እንደ እርስዎ ባለ አንድ ኮከብ ሆኖ ከተገኘ፣ እጅዎን በድንጋጤ አያውርዱ። ቆብዎን ያስተካክሉበት። ያ ሰው ደግሞ በዚያው ቅጽበት ቆቡን ሲያስተካክል ካዩት እሱም ይህን ምክር አንብቧል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የማያውቁት መቶ አለቃ አይደለም፤ የሚያውቁት ነው። በሥልጠና ላይ ጎን ለጎን ተኝታችሁ ነበር። የካርታ ንባብ ፈተናውን ከእርስዎ ወረቀት ላይ ገልብጦ ነው ያለፈው። ካልሲዎን ተበድሮ እስካሁን አልመለሰም። ታዲያ ምን ተፈጠረ ቢሉ፣ የማዕረግ ዕድገት ዝርዝር ሲወጣ የሱ ስም አለ፣ የእርስዎ የለም። አሁን ከፊት ለፊትዎ እየመጣ ነው፤ ፈገግ ማለትም እየቃጣው ነው። በዚህ ጊዜ የሚፈለገው ጥብቅ ጨዋነት ነው። እጅዎን ከማንም ቀድመው፣ ከማንም ቀጥ አድርገው ያንሱ፣ «ጌታዬ» የምትለዋንም አይዝለሏት። ካልሲው የግል ጉዳይ ነው፤ ሰላምታው የመንግሥት። ከልክ በላይ ያማረ ሰላምታ ጓደኛን እንዴት እንደሚያሳፍር ደግሞ በተግባር ያዩታል፤ በሦስተኛው ቀን ካልሲው ታጥቦ ይመጣል።

ዕድሜ የገባበት እንደሆነ ነገሩ ይወሳሰባል። የእኛ ጦር ይህን ጣጣ ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል። ሆለታ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተጀመረው ትምህርት ቤት ከጊዜ በኋላ ብዙ በታች ሹሞችን፣ በረሃውንም ምሽጉንም የጠገቡትን፣ ወደ መኮንንነት አሸጋገረ። በ1950ዎቹ መባቻ ሐረር ላይ ህንዶች ያቋቋሙት አካዳሚ ደግሞ ከትምህርት ቤት የወጡ ለጋ ወጣቶችን ሦስት ዓመት አስተምሮ ኮከብ አስለጠፈላቸው። የሁለቱ ልጆች አንድ ግቢ ሲገናኙ፣ ልጅ ያደረሱ መቶ አለቃ ጢሙን ገና መላጨት ለጀመረ ሻምበል ቀጥ ማለት ነበረባቸው። ዛሬም ከሥር የተነሱ አንጋፋ መቶ አለቃ አይጠፉም።

እዚህ ላይ የሚያዋጣው ሁለቱን ሕጎች በየቀናቸው መለየት ነው። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ አንጋፋው መቶ አለቃ እጃቸውን ያነሳሉ፣ ወጣቱ ሻምበል ይመልሳል። እሑድ የሠርግ ድንኳን ውስጥ መቶ አለቃው ሲገቡ ሻምበሉ ከወንበሩ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፣ እሳቸውም «በእግዜር» ብለው ይቀመጣሉ። ሂሳቡ በዚሁ ተዘጋ። ወጣቱ ሻምበል እርስዎ ከሆኑ ሰኞን ወደ እሑድ አያምጡት፤ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሰላምታ የሚጠብቁ ከሆነ የወጡ መጨረሻ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል፣ እሱም ያለ ሥጋ።

ስለ ትከሻም አንድ ነገር ልበል። በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ታጋይ ማዕረግ አልነበረውም፤ ለተወሰኑ ዓመታትም ያለ ማዕረግ ቆየ። አዛዡም ተራውም የሚጠራው ታጋይ እየተባለ ነበር፤ ሲገናኙም ትከሻ ለትከሻ እየተጋጩ ይሳሳሙ ነበር። ከዚያ ማዕረግ መጣና የት ተቀመጠ? እዚያው ትከሻ ላይ። ከዚያ ወዲህ ይህን የመሰለ ፍቅር ያለበት ሰላምታ ጥንቃቄ ይሻል። ቅደም ተከተሉን ያጥኑት፦ መጀመሪያ እጅ ይነሳል፣ ይመለሳል፣ ይወርዳል፤ ቀጥሎ ግራና ቀኝ ይታያል፤ ሻለቃ አለመኖሩ ሲረጋገጥ ብቻ ትከሻ ይገጫል። ትከሻውን የሚያስቀድም መኮንን ኮከቡ ከሻምበሉ ኮከብ ጋር ተጠላልፎ፣ ሁለቱም አንገታቸውን አጣመው መፍትሔ ሲፈልጉ ይገኛሉ።

የመዳፍ አቅጣጫ ይህን ያህል አያስጨንቅዎት፤ አያቶችዎም ተጨንቀውበት አልፈዋል። እንግሊዞችና ህንዶች በምድር ጦራቸው መዳፍ ወደ ፊት ይታያል ይላሉ፣ አሜሪካኖች ወደ መሬት ይዙር ይላሉ። ሐረር ላይ ከህንድ ተምሮ ቀጥሎ አሜሪካ ለኮርስ የተላከ የንጉሡ ዘመን መኮንን መዳፉን በየአህጉሩ ሲያዟዙር ኖሯል ማለት ነው። ኋላ የመጡት ሩሲያውያን በበኩላቸው ባዶ ራስ ላይ እጅ አይነሳም የሚል አባባል አላቸው። እነሱ ቆብ ማለታቸው ነው። ቃል በቃል ቢወሰድ ግን ከሰላምታ ነፃ የሚወጣው መኮንን ይበዛል።

እጅ የሞላ ዕለትስ? ግራ እጅ አይነሳም፤ ይህ አያከራክርም። እንግዲያው የሙዙን ፌስታል ከሱቅ ሲወጡ ጀምረው በግራ ይያዙ። ስልክም በግራ፣ ሰነድም በግራ፣ የወር አስቤዛም በግራ። ሚኒባስ ውስጥ ከሻምበል ጎን ተጣብበው ከተቀመጡ ክርንዎን አያንሱ፤ የረዳቱን አገጭ ያገኙታል። አንገትዎን በአክብሮት ነቅነቅ አድርገው የሻምበሉን ሂሳብ ይክፈሉ። ከሁሉም ዓይነት ሰላምታ ይህኛው ሲረሳ አላየሁም።

ይህ ሁሉ ማጎንበስ መስሎ ክብርዎን ከነካው፣ አያቶቻችን በሹም ፊት ነጠላቸውን አደግድገው ይቆሙ እንደነበር ያስታውሱ። እንግሊዞቹም ቢሆኑ ድሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ነበር ሰላም የሚሉት፤ በፈረንጆቹ 1745 ኮልድስትሪም የሚባለው የዘብ ሬጅመንት ወታደሮቹ ባርኔጣ ማውለቁን ትተው እጃቸውን ብቻ ወደ ባርኔጣው እንዲልኩ አዘዘ። እርስዎ ዛሬ የሚያነሱት እጅ የዚያ የባርኔጣ ማውለቅ ቅሪት ነው። ነጠላ ከማደግደግ እጅ ማንሳት ይቀላል፤ ያመስግኑ።

እጅ የሚነሳልዎት ተራ ደግሞ ይመጣል። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ሁለተኛ ሌተና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰላምታ ለሰጠው ወታደር አንድ የብር ዶላር የመስጠት ልማድ አለ። ይህን ልማድ እንዳያስገቡብን አደራ፤ ወሬው የተሰማ ዕለት ሻለቃው በሙሉ በር ላይ ተሰልፎ ይጠብቅዎታል። መመለስ ብቻ ይበቃል። ሲመልሱ ግን የሰውየውን ዓይን አተኩረው ሊመረምሩ አይሞክሩ። በአገራችን ታሪክ ከዚያ ውስጥ የልብን ነገር አንብቦ የተሳካለት አለቃ ጥቂት ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. በ4ኛ ክፍለ ጦር ግቢ የተሰባሰበው ደርግ አባላቱ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ነበሩ፤ ከዚያ በላይ ያለ አልተጋበዘም። ሁሉም እስከዚያው ሰሞን ድረስ ለኮሎኔሉም ለጄኔራሉም እጃቸውን በሥርዓቱ ሲያነሱ የከረሙ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ሻለቃ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው፤ ሌተና ኮሎኔል ሆኑ፣ እዚያው ማዕረግ ላይ ቆሙ፣ ጄኔራሎችም ከራሳቸው ትከሻ በታች ላለ ትከሻ ዓመታት ሙሉ ቀጥ ሲሉ ኖሩ። ስለ ሰላምታ ሥርዓት የሚጽፍ ሰው ይህን መዝለል አይችልም፦ ወንበር ካለ ኮከብ አይቆጠርም። በግንቦት 1981 ዓ.ም. ወንበሩን ሊገለብጡ ከተነሱት ብዙዎቹም ለዚያው ወንበር እጃቸውን ሲያነሱ የኖሩ ጄኔራሎች ነበሩ። ይህን አንቀጽ ለአለቃዎ አያሳዩት። ለእርስዎም ቢሆን የሚጠቅመው አንድ ቀን ሻለቃ ሲሆኑ ነው።

የቀረው የትዳር ጉዳይ ነው፤ በየጊዜው የሚጠየቅ። ባልና ሚስት መኮንኖች ናቸው እንበል፣ እሷ ሻምበል፣ እሱ መቶ አለቃ። ግቢ ውስጥ ጥያቄ የለም፤ እሱ ቀድሞ እጁን ያነሳል፣ እሷ ትመልሳለች፣ ሁለቱም ቀጥ ብለው ይተላለፋሉ፤ ጠዋት ስለ ወተት ክፍያ ተጣልተው ቢወጡም እንኳ። አምሽቶ የገባ መቶ አለቃ የቤቱን በር ሲያንኳኳስ የትኛው ደንብ ይሠራል? እኔ እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጣለሁ፤ የሚመለከታቸው ሻምበሏን ነው።