ጉባኤ ዘቢሾፍቱ

አንድ ድርጅት የተቋቋመበትን ምክንያት ከተቋቋመ ከሃያ ዓመት በኋላ ለማወቅ ሽቶ፣ ሠራተኞቹን በአውቶቡስ ጭኖ በቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የሚያወርድበትን ልማድ ያህል ውዳሴ የሚገባው ልማድ በዘመናችን አይገኝም። ሠለስቱ ምዕት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ተሰብስበው ጸሎተ ሃይማኖትን ሲደነግጉ፣ ወልድ ከአብ ጋር ስለ መተካከሉ ተከራክረው አርዮስን አውግዘው ለይተዋል፤ የእኛው ጉባኤ ግን ከቁርስ እስከ ራት ተወያይቶ አንድም የሚያወግዘው ሰው ስለማያገኝ፣ በፍቅርና በስምምነት ከዚያ እጅግ ይልቃል። (የአበል መክፈያው ቅጽ ላይ ስሙ የተዘለለ ሰው ጥቂት ቢያጉረመርም፣ ነገሩ ወዲያው ይታረማል።)

ሥርዓቱም እንዲህ ነው። አወያዩ ቢጫ ወረቀት ለየሰዉ አድሎ፣ «በነፃነት ጻፉ፤ ስሕተት የሚባል ሐሳብ የለም» ይላል። ቀኑን ሙሉ የባለጉዳይ ብሶት ስትሰማ የምትውል አንዲት የመስኮት ሠራተኛ፣ ቃሉን አምና «ባለጉዳይ ነገ ና ሳይባል በመጣበት ዕለት ተስተናግዶ ይሂድ» ብላ ብትጽፍ፣ ማንም አይቈጣትም፤ አወያዩ በፈገግታ አመስግኗት፣ ወረቀቷን «ሌሎች» ከሚለው ርእስ በታች ይለጥፍላታል። ከዚያ አርቃቂ ኮሚቴ ተሰይሞ፣ በባንክም በቢራ ፋብሪካም በቄራም ደጃፍ ቢሰቀል ባለቤቱን የማያሳፍር «በአፍሪካ ቀዳሚና ተመራጭ ሆኖ መገኘት» የተባለው ቃል ተወልዶ በጭብጨባ ይጸድቃል።

ይህን ምሥጢር ያልተረዱ ሰዎች በዓለም አልታጡም። አሜሪካዊው ሮበርት ዉድ ጆንሰን በ1943 እ.ኤ.አ. የጆንሰን ኤንድ ጆንሰንን የእምነት ቃል ራሱ ብዕር አንሥቶ ጻፈው፤ ያውም የኩባንያው ቀዳሚ ኀላፊነት ለሐኪሞች፣ ለነርሶችና ምርቱን ለሚጠቀሙ ሁሉ፣ የመጨረሻው ደግሞ ለባለአክሲዮኖች መሆኑን በተራ ደረደረው። ምን ያለ ድፍረት ነው! በቢሾፍቱ ቢሆን፣ አንዱን ወገን በስተ ኋላ ማሰለፍ የጉባኤውን ሰላም ያደፈርሳልና፣ የምርቱ ተጠቃሚም ባለአክሲዮኑም «ባለድርሻ አካላት» በሚለው ሰፊ ድንኳን ሥር ተጠልለው በእኩል በተመሰገኑ ነበር፤ የሁለቱ ጥቅም የተጋጨ ዕለትም፣ ለማን እንፍረድ ብሎ ያንን ጽሑፍ የሚጠይቅ ሞኝ ባልተገኘ። የብልሃቱም ሁሉ ራስ ይኸው ነው፤ ሁሉም የጻፈው ቃል ማንንም አያስጠይቅም።

አንደበታቸውን የማይገቱ አንዳንዶች ከጉባኤው ወዲህም በዚያች መስኮት የሚሰማው መልስ እንደ ጥንቱ «ሲስተም የለም» ነው እያሉ ያማሉ። ሐሜት ነው። ጽሑፉ በወርቅ ቀለም ተከትቦ፣ በመስታወት ተሸፍኖ ከመስኮቷ በላይ ተሰቅሎ የለምን? ባለጉዳዩ ከዚህ ቀደም ባዶ ግድግዳ ሲመለከት ይውል ነበር፤ አሁን ግን ሲስተሙ እስኪመለስ በአማርኛውም በእንግሊዝኛውም ደጋግሞ ሊያነብበው ይችላል።