አንድ አየር ለሁለት ሹፌር

ሁለት ወንድ ልጅ ያለው ሰው ስጦታ ሊገዛ ሲወጣ ሚዛን ይዞ ነው የሚወጣው። ባለፈው ገና መርካቶ ገብቼ ሁለት ባለ ሪሞት መኪና ገዛሁ። ሁለቱም ቀይ፣ ቁርጥ አንድ ዓይነት። ነጋዴው «አንዱን ሰማያዊ ላድርግልህ?» ቢለኝ «ተወኝ፣ ቤቴን አውቀዋለሁ» አልኩት።

ትልቁ ልጅ ሪሞቱን ወደ ፊት ሲገፋ የእሱ መኪና ወደ በሩ፣ የታናሹ ደግሞ በቀጥታ ወደ ረከቦቱ ነጎደ። ሁለት ሲኒ አለቀ። «አንተ ነህ!» «እኔ አልነካሁም!» ልጁ እውነቱን ነው፤ እጁ ላይ የነበረው ድፎ ዳቦ እንጂ ሪሞት አልነበረም። ሁለቱም አንዴ ሲነኩ ደግሞ ይባስ፤ መኪኖቹ ባሉበት ተገትረው እንደ ወባ በሽተኛ ይንቀጠቀጣሉ።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን በሬዲዮ ጥገና የፈጁ አዛውንት ናቸው። መኪናውን ገልብጠው ሆዱን አዩና ሳቁ። «27 ሜጋኸርዝ። ያኛውስ? እሱም 27። አንተ ሰው፣ ሁለቱንም ልጆች አበበ ብለህ ስታበቃ አንዱ ብቻ አቤት እንዲልህ ነው የምትፈልገው?» ለካ ርካሽ መጫወቻ ጌታውን አይለይም። በዚያ ሞገድ ላይ «ሂድ» ያለው ሁሉ ጌታው ነው። አንዱን ባለ 27፣ ሌላውን ባለ 40 ብገዛ ኖሮ ሲኒዎቼ ዛሬም ቡና ይቀዳባቸው ነበር።

ሁለተኛው ቡና እስኪቀዳ ጨዋታው ደራ። ሞዴል መኪናና አውሮፕላን የምር የያዙ ሰዎች ይህን ጣጣ ድሮ ነው የጨረሱት አሉ። የ27 ሰፈር ብቻውን ከ26.995 እስከ 27.255 ድረስ በስድስት ቻናል ተሸንሽኗል፤ ለእያንዳንዱም ቀለም አለው፦ ቡናማ፣ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ሰውየው የቻናሉን ቀለም ጨርቅ አንቴናው ላይ ያስራል፤ ሌላው ከሩቅ አይቶ ይጠነቀቃል። ቻናሉን የምትወስነው ክሪስታል የምትባል ቅንጣት ነች። አንዷ ሪሞቱ ውስጥ፣ ጥንዷ ሞዴሉ ውስጥ ትሰካለች፤ ቻናል መቀየር ያማረው ሁለቱንም ይነቅላል።

አሜሪካ ውስጥ ለሞዴል አውሮፕላን ብቻ የ72 ሜጋኸርዝ ሰፈር ተሰጥቶ ከ11 እስከ 60 ቁጥር የያዙ 50 ቻናሎች ነበሩት። ያም ሆኖ ሁለት ሰው አንድ ቁጥር ይዞ ሜዳ ይመጣል። መኪና ቢጠለፍ ሲኒ ይሰብራል፤ አውሮፕላን ሲጠለፍ ግን ሰው ራስ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ሜዳው ዳር ሰሌዳ ይቆማል፤ ሰሌዳው ላይ የቻናል ቁጥር የተጻፈባቸው የልብስ መቆንጠጫዎች ይደረደራሉ። የቁጥሩን መቆንጠጫ አንስቶ አንቴናው ላይ ያልሰካ ሪሞቱን አይከፍትም። ያን ሁሉ ሰማይ ሥርዓት የሚያስይዘው የልብስ መቆንጠጫ!

ደስ አለኝ። ማታውኑ ግድግዳው ላይ ምስማር መትቼ አንዲት መቆንጠጫ ሰቀልኩና አዋጅ አወጣሁ። ሁለት ቀን ሰላም ሆነ። በሦስተኛው ቀን መኪኖቹ እንደገና ወባ ያዛቸው። ብቅ ብል ሁለቱም አንቴናዎች ላይ መቆንጠጫ ተሰክቷል። ግቢው ውስጥ የልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሠላሳ መቆንጠጫ እንዳለ ረስቼ ኖሯል። በቤቴ ፎርጅድ ገባ።

አዛውንቱን ባማክራቸው «ባለ 2.4 ጊጋኸርዝ ግዛ» አሉኝ። መጀመሪያ ላይ አላመንኳቸውም። ዋይፋዩ፣ ብሉቱዙ፣ የማይክሮዌቭ ምድጃው ሳይቀር እዚያው 2.4 ላይ ነው የሚራኮተው። ከመርካቶ ሸሽቶ መርካቶ! ነገሩ ግን ሌላ ነው። ሪሞቱ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፤ መኪናው አንዴ ከእሱ ጋር ከተዋወቀ (ባይንድ ይሉታል) የሌላውን ትእዛዝ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። ትምህርት ቤት በር ላይ መቶ እናት ስትጣራ ልጁ የራሱን እናት ድምፅ ለይቶ እንደሚሮጠው ነው።

ደህና ደህናዎቹ ደግሞ አንድ ቦታ አይቀመጡም። ሪሞቱና ሞዴሉ እነሱ ብቻ በሚያውቁት ቅደም ተከተል በሰከንድ ውስጥ ደጋግመው ቻናል ይቀያይራሉ፤ አንዱ ጋ ጫጫታ ቢገጥማቸው ሳይሰሙት ሌላው ጋ ደርሰዋል። ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1942 ፓተንት ካወጡበት ሰዎች አንዷ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? የሆሊውድ ተዋናይቷ ሄዲ ላማር! ከሙዚቃ ደራሲው ጆርጅ አንታይል ጋር ሆና፣ የቶርፔዶ መምሪያ ሞገድ በጠላት እንዳይታፈን ያሰቡት ነው። መዘዋወሪያ ሞገዶቹ 88 ናቸው፤ ልክ እንደ ፒያኖ ቁልፎች። ሰው በጦርነት መሐል እንዲህ ያስባል፤ እኔ ሳሎኔን ማስተዳደር አቅቶኛል።

ገዛሁ። ሁለት፣ ቀይ፣ አንድ ዓይነት። ሁለቱም መኪኖች የየጌታቸውን ቃል ብቻ እየሰሙ ሳሎኑን ዞሩት። በኩራት ሶፋው ላይ ተደላድዬ የሁለት ሰዓት ዜና ልከፍት የቴሌቪዥኑን ሪሞት ብጫን ዝም። ደግሜ ብጫን ዝም። ገልብጬ ባየው ባትሪ የለውም።

ልጆቹን ልጠራ አፌን ስከፍት በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን ናቸው። ሬዲዮናቸውን በአንድ እጃቸው፣ የባትሪ ክዳኑን በሌላው ይዘዋል።