የአኩፋዳ ይዘት፤ በተለይም ስለ እንጎቻ

አኩፋዳ ከሣር የተሰፋ፣ ማንገቻው ትከሻ ላይ የሚውል፣ የቆሎ ተማሪ ጓዳ ነው። ጓዳ ማለቴ ለማጋነን አይደለም። ቤት ያለው ሰው ለሊጡ ቡሃቃ፣ ለእንጀራው ሌማት፣ ለቆሎው ሌላ ዕቃ ይለያል፤ ተማሪው ግን ሁሉንም በአንድ አፍ ያስገባል፣ በዚያው አፍ ያወጣል። ስለ ቤተ ልሔም ድጓ ሊቃውንቱ ብዙ ብለዋል። ስለ ድጓው ተማሪ ራት ግን በወግ የተመደበ ነገር አላጋጠመኝም። ይህ ጽሑፍ ያንን ባዶ ቦታ ሊሞላ ተነሥቷል፤ አኩፋዳው ራሱ ስንት ቀን ባዶውን እንደዋለ የሚያውቅ አንባቢ ድፍረቱን ይቅር ይላል።

ቤተ ልሔም ከጉና ተራራ ወዲያ ማዶ፣ በጋይንት ምድር ናት። ዝማሬ መዋስዕት በዙር አምባ፣ አቋቋም በጎንደር እንደሚመሰከር ሁሉ ድጓ የሚመሰከረው በእርሷ ነው። የድጓ መምህር ልሁን ያለ ከጎጃምም ይምጣ ከወሎ፣ ከትግራይም ይነሣ ከሸዋ፣ እዚህ ደጅ ጠንቶ፣ ቀለሙን አንድ በአንድ አስመስክሮ ይሄዳል። ትምህርቱ በነጻ ነው። ምግቡም በነጻ ነው፤ ልዩነቱ ትምህርቱ የኔታ እግር ሥር ተሰብስቦ ሲገኝ፣ ምግቡ በየሰው ቤት ተበትኖ መገኘቱ ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓኬንሃም የሚባል እንግሊዛዊ እዚህ ደርሶ፣ ከውጭ ሲያዩት ክብ የሣር ክዳን የሆነው ቤተ ክርስቲያን በውስጡ የጥንት አራት ማዕዘን ሕንጻ መደበቁን አይቶ እጅግ ተደነቀ፤ ለውጭው ዓለምም ጻፈ። ክብ ነገር ውስጡ ሌላ ነገር ይዞ መገኘቱ ለአገሬው አዲስ አይደለም። እንጀራም ሲጠቀለል እንዲሁ ነው።

ወደ ነገራችን ስንመለስ፣ ይዘቱ ወደ አኩፋዳው የሚገባው በቃል ነው፤ ቃሉም «በእንተ ስማ ለማርያም» ነው። ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዜማን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ብሎ እንደመደበ ይታወቃል፤ ልመናውም በዚሁ ይመደባል። አዲስ ገቢ ተማሪ በግዕዝ ይለምናል፤ ቀጥ ያለ፣ ደረቅ፣ ገና የእናቱ ቤት ያልወጣለት ድምፅ ነው። ዓመት የሞላው ወደ ዕዝል ይገባል። ሁለት ክረምት ያሳለፈ ደግሞ አራራይ ይጀምራል፤ አራራይ ሰምታ ሌማቷን ያልገለጠች ሴት በጋይንትም በእስቴም አልተገኘችም። ውሻው ከአጥሩ ሲወጣ ድምፁ ላይ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ርክርክ ይባላል። ርክርክን ከሌሎቹ የዜማ ምልክቶች ጋር ያወጡት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን እንደነበሩ ይነገራል፤ የጋይንትን ውሾች ያውቋቸው እንደሆነ ግን ማረጋገጫ የለኝም።

ያሬድ ራሱ ትምህርት እንቢ ባለው ጊዜ ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ዛፍ ላይ የወጣች ትል አይቶ ተጽናና ይባላል። ትሏ የወጣችው ፍሬውን ልትበላ ነው። መምህራኑ ታሪኩን ለጽናት ይተርኩታል፤ ተማሪዎቹ ግን ቀጥተኛ መመሪያ አድርገው ይወስዱትና ከስድስት ደጅ ቢመለሱም ሰባተኛውን ሳያንኳኩ አይገቡም።

በየደጁ የሚሰማውም ቃል ሁለት ዓይነት ነው። ያልሰጠች ሴት «እግዜር ይስጥህ» ትላለች። የሰጠች እንደሆነ ተቀባዩ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል። ሁለቱም ዕዳውን ወደ እግዜር ያዞራሉ፤ የትኛው እንደተባለ ከሩቅ መስማት የተቸገረ አጥኚ አኩፋዳውን በእጁ መዝኖ መለየት ይችላል።

አሁን ይዘቱ። ይዘት በመጀመሪያ በእህሉ ይመደባል። ከጉና ሥር የመጣ ገብስ ነው፤ ከወይና ደጋው ጤፍ ነው፤ ወደ ሲማዳ ቆላ የወረደ ተማሪ ማሽላ ይዞ ይመለሳል። የተማሪው ዱካ በመንገዱ ላይ ቢጠፋ፣ የድንጋይ ንጣፍ እንደሚያነብ ባለሙያ አኩፋዳውን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ይበቃል። ሁለተኛው ምድብ በዕድሜ ነው፤ ትኩስ፣ ያደረ፣ የሰነበተና ኮቸሮ። ትኩስ በወሬ ብቻ የሚታወቅ ነው። ኮቸሮ ደርቆ የከረመ እንጀራ ወይም ዳቦ ሲሆን፣ ከድንጋይ የሚለየው ውኃ ሲያይ ልቡ መራራቱ ነው። ሦስተኛው ምድብ በሰጪዋ ነው። አሮጊት ትንሽ ሰጥታ ብዙ ታስመርቃለች። አዲስ ሙሽራ እጇን ከመዘርጋቷ በፊት የአማቷን ዓይን ታያለች። ከባሏ የተጣላች ሴት ግን ሌማቱን እንዳለ ልትገለብጥ ትደርሳለች፤ ተማሪዎች ይህችኛዋን ቤት ለይተው ያውቋታል። ስለ ዕርቃቸው ይጸልዩ እንደሆነ አልተጣራም። ወጥ አይመደብም፤ ይፈሳል።

ባሕር ማዶ የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ። ልጆቿ ከሃይማኖታቸው እንዳይወጡ ብላ ትምህርት ቤት መላኩን ትታ ቤት ውስጥ ራሷ ታስተምራቸዋለች፤ ምግባቸውንም በራሷ እጅ እንጂ በሌላ አታምንም። ስትደውልልኝ ሁልጊዜ የምታነሣው ስለ ጤናማ አመጋገብ ነው። ያልተፈተገ እህል፣ የተብላላ ሊጥ፣ ሥጋ መቀነስ፣ ረጅም ሰዓት ሳይበሉ መቆየት፣ በእግር መሄድ። ዘርዝራ ስትጨርስ «ይኸማ የድጓ ተማሪ ነው» አልኳት። አልቀለድኩም። ጤፍ ከፍሬዋ ማነስ የተነሣ ከነቅርፊቷ ትፈጫለች፤ ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ሲብላላም በእህሉ ውስጥ ያለው ብረት ለሰውነት እንዳይደርስ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። ጾምም ቢሆን፣ ቤተ ክርስቲያን 7 አጽዋማት ደንግጋለች፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ተማሪው በዚህ ላይ ስምንተኛ ይጨምራል፤ እርሱም ማንም ያልሰጠበት ቀን ሲሆን፣ በባሕረ ሐሳብ አስቀድሞ አይታወቅም። የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በደብተሯ እየጻፈች መሆኗን ስሰማ፣ ስለ እከኩና ስለ ቁንጫው ዝም አልኩ።

እንግዲህ ወደ እንጎቻ እንግባ። የቀረው ሁሉ ለዚህ መንደርደሪያ ነበር።

እንጎቻ የቡሃቃው ጥራጊ ናት። ጋግራ የጨረሰች ሴት ቡሃቃዋን በውኃ አለቅልቃ የምታገኘው ሊጥ ሙሉ እንጀራ አይሞላም፤ መድፋቱም ነውር ነው። ስለዚህ ምጣዱ መካከል ላይ ትንሽ አድርጋ ታዞረዋለች። መጠኗ ከመዳፍ እስከ ድስት ክዳን ይደርሳል። ከማሟሻ ጋር መምታታት የለባትም። ማሟሻ ምጣዱ የሚፈተንበት የመጀመሪያው ነው፤ ይጣበቃል፣ ይቀደዳል፣ ለዶሮ ይጣላል፤ ሰውም በሰው ሲጫወትበት «የምጣድ ማሟሻ አደረጉኝ» ይላል። «እንጎቻ አደረጉኝ» ብሎ ያማረረ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

እንጎቻ በቅቡ ትለያለች። በፍስክ ቅቤና በርበሬ፣ በጾም ድልህ በዘይት፣ እጅ ባጠረ ጊዜ ደግሞ ምንም። በዓላማዋም ትለያለች። የማስታገሻ እንጎቻ ለሚያለቅስ ልጅ ናት። የደመወዝ እንጎቻ ኩበት ላቀበለና ዶሮ ላባረረ ናት። የማስረጃ እንጎቻ፣ ሁለት ልጆች ካሉ፣ ለሁለተኛው የምትጋገር፣ ከመጀመሪያዋ ያላነሰች መሆኗ በሁለቱም ወገን ተለክቶ የሚረጋገጥ ናት። ከሁሉ የከበረችው ግን የትምህርት እንጎቻ ናት፤ በዚህች ላይ ጸሐፊው የዓይን ምስክር ነው።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ይሁን እንጂ በእኛ ቤት ትምህርት የሚሰጠው በምጣዱ ዙሪያ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ሲደግም ከሰማችው ብዛት እርሱ አንድ ቃል ሲዘል ከጭሱ ውስጥ «ተመለስ» ትል ነበር። ሰዓት አልነበረንም፤ የእንጀራው ሰዓት አቡነ ዘበሰማያት ነበር። ሊጡ ሲዞርና ዓይን ሲያወጣ እናቴ አክንባሎውን ትደፋለች፣ እኔ እጀምራለሁ፤ በወጉ ካደረስኩ «አሜን» ስል አክንባሎው ይነሣል። በችኮላ የደገምኩ ቀን እንጀራው ጥሬ ይወጣል፤ የተንዛዛሁ ቀን ያርራል። እስከ ዛሬ ጸሎቴ ከዚያች ፍጥነት አልወጣም። ሃያ አምስት እንጀራ በተጋገረበት ቀን ሃያ አምስት ጊዜ አድርሻለሁ፤ ክፍያዬም በመጨረሻ የምትወጣዋ አንዲት እንጎቻ ነበረች። የአክስቴ ልጅ ይህን ስነግራት «የቤት ትምህርት ነዋ!» አለችኝ። እኛ «መጋገር» ነበር የምንለው።

በአኩፋዳ ውስጥ እንጎቻ አትገኝም ማለት ይቻላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ባለቤቷ ምጣዱ አጠገብ ቆሟል። ተማሪ እንጎቻ የሚያገኘው ጋገራው ሊያልቅ ሲል ከደረሰ፣ ሌማቱ ላይ ያለው ለማኅበር ተቆጥሮ የተቀመጠ እንደሆነ፣ የቤቱ ልጅም ለአፍታ ወደ ውጭ የወጣ እንደሆነ ነው። ሌላም ችግር አለ። እንጎቻ ያገኘ ተማሪ ከኮቸሮው ጋር አይቀላቅላትም፤ መንገድ ላይ ይበላታል። ስለዚህ በጎጆው ውስጥ የሚደረግ ማንኛውም ቆጠራ እንጎቻን «የለም» ብሎ ይመዘግባል። በዚህ የተነሣ ይህ ጥናት የሰጪውን ወገን ብቻ እንጂ የተቀባዩን ቃል ማመን አልቻለም።

ምደባዬ የተበላሸው ወንድሜ ቅኔ ሊቆጥር ወደ ጎጃም በወረደ ሳምንት ነው። የዚያው ቅዳሜ ጋገራው ሲያልቅ አንድ ተማሪ ደጃችን ላይ «በእንተ ስማ» አለ። በግዕዝ ነበር፤ ገና ልጅ ነበር፤ ደበሎው ከእርሱ ይበልጣል። እናቴ «አገርህ ወዴት ነው የኔ ልጅ?» አለችው።

«ጎጃም ነው እማማ።»

እናቴ ወደ ሌማቱ አልሄደችም። ከምጣዱ ላይ እንጎቻዬን አንሥታ፣ ቅቤ ቀብታ፣ ቅጠል ላይ አድርጋ ሰጠችው። እኔ የዚያን ቀን አሥራ ስምንት ጊዜ አድርሻለሁ፤ ቁጥሩን የማስታውሰው በዚህ ምክንያት ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ፤ በሦስተኛው ከጓደኛው ጋር መጣ፤ ጓደኛውም ጎጃሜ ነበር። ወሬው ጎጆ ለጎጆ ሳይዞር አልቀረም። በሁለት ወር ውስጥ ደጃችን የሚቆም ተማሪ ሁሉ ጎጃሜ ሆነ። የወሎ አነጋገር ያለውም ጎጃሜ ነኝ አለ፤ ከላስታ ስለ መምጣቱ ምላሱ የሚመሰክርበትም ጎጃሜ ነኝ አለ። እናቴ ሰው ከየት እንደመጣ በንግግሩ መለየት የማያቅታት ሴት ናት። ለሁሉም ጋገረች። መጀመሪያ ቡሃቃውን ስትጠርግ ሆን ብላ ብዙ ታስተርፍ ጀመር፤ ኋላ ለእንጎቻ ብላ ማቡካት ጀመረች፤ ይህም ከላይ የሰጠሁትን ትርጉም ከነጭራሹ የሚያፈርስ ስለሆነ ምደባውን እዚህ ላይ ትቼዋለሁ።

ወንድሜ ከአራት ዓመት በኋላ ተመለሰ። ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣ ቅኔ ተቀኝቶ። እናቴ እግሩን አጥባ ሳትጨርስ የመጀመሪያው ጥያቄዋ «እንጎቻ ይሰጡህ ነበር?» የሚል ነበር።

«እንጎቻ?» አለ ወንድሜ፤ ትንሽ አሰበ። «አንድም ቀን። ቆሎ ይሰጡኝ ነበር።»

«ረስተኸው ነው» አለችው፤ ውኃውን ደፋች። «መንገድ ላይ በልተኸው ይሆናል።»

የእኔ እንጎቻዎች እስከ ዛሬ አልተተኩም።